የጠገገው ዓይን

ሰው ሁሉ ወንድሜ ቀኑ ደርሶ ነው የሞተው ይላል። እኔ ግራ ዓይኑ ስለማያይ ነው የሞተው እላለሁ። ጮክ ብዬ ግን አልልም ነበር። ለማን እላለሁ? እናቴ የምታውቀው ዓይኑ እንደዳነ ነው። ስለቷን አስገብታለች፤ ሕዝብ ፊት እልል ተብሏል። እንዳልዳነ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነበርን። አንዷ ሐኪሟ ናት፤ መልካችንን እንኳን አሁን የምታስታውሰው አይመስለኝም። አንዱ እሱ ነው። ሦስተኛው እኔ ነኝ።

ጽሑፍ አልለመድኩም። እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ድርሰት ጻፉ ስንባል ግን ገጽ ለመሙላት ያህል ነበር የምጽፈው። ይኸኛውን ለምን እንደምጽፈው በደንብ አላውቅም። ከየት እንደምጀምርም ስላጣሁ ከድንጋዩ ልጀምር።

ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። እሱ ኮብልስቶን ይጠርባል፣ እኔ እማራለሁ። በአምስት ዓመት ይበልጠኛል። እናታችን አገር ቤት ናት፤ ገሳይ ላይ ከመኪና ተወርዶ ወደ ጉና ተራራ ሽቅብ ሁለት ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ገብስ፣ አተርና ድንች ነው የምታመርተው። አባታችን ከሞተ ቆይቷል።

ድንጋይ ጠራቢ የሚፈራው የድንጋይ ፍንጣሪ ነው። የወንድሜን ዓይን የመታው ግን ብረት ነው። መሮ ብዙ ሲመታ ራሱ እንደ እንጉዳይ ይዘረጋል፣ ዳር ዳሩም ይሰነጣጠቃል። ያን ጊዜ መሞረድ አለበት። እሱም ይኸን ያውቃል። ነገ እሞርደዋለሁ ሲል ሳምንት ሆነው። መነጽርም ነበራቸው፤ በላብ ይደበዝዛል እያሉ ግንባራቸው ላይ ሰቅለውት ነው የሚውሉት። በጥር ወር አንድ ጠዋት በመዶሻ ሲመታው ከመሮው ጫፍ አንዲት ፍንጣሪ ተነሥታ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባች። የጤፍ ቅንጣት ብታክል ነው።

ተደውሎልኝ ከትምህርት ቤት ስደርስ ድንጋይ ክምር ላይ ተቀምጦ ዓይኑን በመዳፉ ይዟል። ጓደኞቹ ከበው ይከራከራሉ። አንዱ ቅቤ ይደረግበት ይላል። ሌላው በምላሷ ጉድፍ የምታወጣ ሴትዮ አውቃለሁ፣ እሷ ጋ እንውሰደው ይላል።

«ምንም አይደል፣ አቧራ ነው» አለኝ።

«አቧራ ደም ያስለቅሳል?»

«ይኸ ልጅ ሐኪም ሳይሆን ጀመረው እኮ!» አለ አንደኛው። ሳቁ። ወንድሜም አንድ ዓይኑን ይዞ ሳቀ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። አጠቡለት፣ ቅባት አደረጉለት፣ በፋሻ ሸፈኑለት። ነርሷ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሚያስገባ ወረቀት ጻፈችና ለእኔ ሰጠችኝ። «ዛሬ ሂዱ። ነገ አይደለም፣ ዛሬ» አለችን። ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ጽፋበታለች።

በር ላይ ግን ጓደኞቹ እየጠበቁን ነበር። «እዚያ የገባ ዓይን አይመለስም» አለ ያው ሲቀልድ የነበረው፣ አሁን አይቀልድም። «የጎረቤታችንን አባት ዓይን አውጥተው ጥጥ ወትፈው ነው የላኩት።» እናቴ ከማን እንደሰማች አላውቅም፣ ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት። «ፀሐይ እንዳያገኘው! ራሱን ሸፍነህ በማለዳ ይዘኸው ና። ምች ከመታው በኋላ ሐኪምም አይመልሰው!» እኛ አገር ቁስለኛ ሰው ፀሐይ ካየ ወይም የወጥ ሽታ ከሸተተው ምች ይመታዋል ይባላል። ይባላል ስል እኔም አምን ነበር።

ቤታችን ገብተን ወንድሜ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«ወረቀቱ ምን ይላል?»

«ዛሬውኑ ሂድ ይላል።»

«ለእማ እንዲህ ብለህ እንዳትነግራት። ካልተሻለው ይምጣ ይላል በላት።»

«ቢብስብህስ?»

«ቢያወጡትስ?» አለኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በጋቢ ተሸፋፍኖ፣ እኔ ክንዱን ይዤ፣ እስከ ገሳይ በመኪና፣ ከዚያ በእግር ወጣን። እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ወረቀት መስጠታቸውን ሰምታለች። ሰላም ሳትለኝ «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ካልተሻለው ይምጣ ነው የሚለው» አልኳት።

ምላሴን ያዝ እንኳን አላደረገኝም።

ሃያ ምናምን ቀን ጨለማ ውስጥ ተኛ። በሩ ላይ ብርድ ልብስ ተጋረደ። ሽንኩርት የሚቁላላው ከከብቶቹ በረት ኋላ ነበር፣ ሽታው እንዳይደርሰው። ዳማ ከሴ ተጨምቆ ይጠጣል፣ ያሸታል። ጠዋት ጠዋት እናቴ ጠበል ታመጣና ፊቱን ታጥበዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት ያቃስት ነበር፤ ጥርሱን ሲያፋጭ ከደጅ ይሰማኛል። ከዚያ ሕመሙ እየተወው መጣ። ከዚያ እብጠቱ ጎደለ። በመጨረሻ ቅላቱም ሄደና ዓይኑ ነጭ ሆነ።

ጠያቂ ሁሉ ሲመጣ ከደጅ ጀምሮ የሚለው አንድ ነገር ነው። «ጠገገለት?»

«ጠገገለት፣ ተመስገን!» ትላለች እናቴ።

እኛ ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። ማጭድ የቆረጠው እግር ሲጠግግ አይተናል፤ ቀንበር የላጠው የበሬ ጫንቃ ሲጠግግ አይተናል። የጠገገ ነገር ዳነ ማለት ነው። ቁስል ተዘግቶ ሲያበቃ ውስጥ ለውስጥ ገና ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። እኔ ነበርኩ፣ እኔም አላሰብኩም።

እናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን ተስላ ነበር። የልጄን ዓይን ብትመልስልኝ ለደብርህ ጃንጥላ አስገባለሁ ብላለች። የምታስገባበትን እሑድ ከካህናቱ ጋር ተነጋግራ ቆረጠች። ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ከወንድሜ ጋር ፀሐይ ልንሞቅ ከቤቱ ጀርባ ተቀመጥን፤ ፀሐይ ተፈቅዶለታል። ሲያጫውተኝ ቆየ፤ ውኃ የያዘ ጣሳ አቀበልኩት። እጁ ከጣሳው አጠገብ አየሩን ጨበጠ። እንደ ቀልድ አድርጌ ተነሣሁና ቀኝ ዓይኑን በመዳፌ ሸፈንኩት። በሌላው እጄ አራት ጣት አሳየሁት።

«ስንት ነው?»

«አንተ ደግሞ መምህር ሆንክብኝ?»

«ስንት ነው?»

«ሁለት።»

እጄን አላነሣሁም። እሱም አላስነሣኝም። «በዚያ በኩል ጉም አለ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ጠዋት ጉና ላይ እንደሚተኛው ያለ። ይገፈፋል እኮ። ገና ስለሆነ ነው።»

«ለእማ እንንገራት። እንሂድ፣ ወረቀቱ አለኝ።»

«ካህናቱን ነግራለች። ጃንጥላውን ገዝታለች። አሁን ሐኪም ቤት ሄድኩ ብላት ምን ትሆናለች? ስለቱ ይግባ፣ ከዚያ እንሄዳለን። ዝም በል።»

ዝም አልኩ። ከውሸቴ ቀጥሎ ሁለተኛው ጥፋቴ ይኸ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጃንጥላው ተዘርግቶ፣ ቀይ ነበር፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ እልልታው ቀለጠ። ወንድሜን መሐል አቆሙት። ቄሱ ጌታ ብርሃኑን እንደመለሰለት ተናገሩ። ሴቶቹ እየመጡ ዓይኑን አገላብጠው ያዩታል። አጎቴ ትከሻውን እየመታ፣ «እንግዲህ በዚህ ዓይን ሚስት ፈልግበት! ድንጋይ ብቻ አትይበት!» አለው፤ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ ፈገግ አለ። አጎቴ ግን በግራው በኩል ነበር የቆመ፣ ወንድሜ ፈገግ ያለው ወደ ሌላ ሰው ነው። እኔ ብቻ አየሁት።

ስለቱ ይግባ ያልነው ገባ፤ ከዚያ በኋላ መሄድ ግን የባሰ ከበደ። ስለት ካስገቡ በኋላ ሐኪም ፍለጋ መሄድ የተሰጠውን መካድ ይሆናል። እኔ ልንገራት ስል፣ እሱ ዛሬ አይደለም ይላል። ጾሙ ገባ። ፋሲካ ሆነ። ወደ ደብረ ታቦር ተመለስንና ሥራውን ጀመረ። ሻይ ከብርጭቆው ውጭ ይቀዳል። በር ሲወጣ ግራ ትከሻው መቃኑን ይመታል። መሮውን እመታለሁ ብሎ አውራ ጣቱን ሁለቴ ቀጠቀጠ። ጉሙ አልተገፈፈም፤ ጠቆረ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ሰኞ ለማንም ሳንናገር ሪፈራል ሆስፒታሉ ወዳለበት ባሕር ዳር ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ዓይኑን በመብራት አየችው፣ በማሽን አየችው፣ ደግማ አየችው። ከዚያ ያን የጥር ወረቀት ተቀበለችኝ። ቀኑን አነበበች። ቀና ብላ ማንን እንደምትጠይቅ ያጣች መሰለች።

«እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?»

«ዶክተር፣ ቁስሉ እኮ ድኗል» አላት ወንድሜ።

«አዎ፣ ድኗል። ችግሩ እሱ ነው።»

የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት ገለበጠችና ጀርባው ላይ መሳል ጀመረች። የነገረችንን የማስታውሰውን ያህል እጽፋለሁ። ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ስስ ሽፋን አለ፣ ሬቲና ይባላል። እሱን የሚመግቡት ከፀጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች ናቸው። በእነዚያ የደም ሥሮች ዙሪያ ደግሞ ከውጭ አቅፈው የያዟቸው ሴሎች አሉ። ሥራቸው መደገፍ ነው፤ ሥሩ እንዳያብጥ፣ ደም እንዳያፈስ። ዓይን ውስጡ ድረስ ሲቆስል ከእነዚህ ደጋፊዎች አንዳንዶቹ የያዙትን ሥር ይለቃሉ። ወደ ቁስሉ ይሄዳሉ። እዚያ ይባዛሉ፣ ጠባያቸው ይለወጣል፣ እንደ ክር ያለ ነገር ያመርታሉ። ጠባሳው እሱ ነው። ጠባሳ ደግሞ ውሎ ሲያድር ይጨማደዳል፤ ሲጨማደድ ሬቲናውን ይዞት ይመጣና ከቦታው ይነቅለዋል።

«ሌሎችም ሴሎች አሉበት፣ እነሱ ብቻ አይደሉም» አለች። «ግን ደጋፊ የነበሩትም እንዳሉበት በምርምር እየታየ ነው። እጅህ ላይ ቢሆን ጠባሳ ምንህም አይደል። እዚህ ግን ለጠባሳ የሚሆን ቦታ የለም።»

«ምን በደልኳቸው?» አላት።

«ምንም። እነሱ ቁስል እየዘጉልህ ነው።»

ወንድሜ ሥዕሉን ወደ ቀኝ ዓይኑ አስጠግቶ አየው። «እንግዲያው የገዛ ሠራተኞቼ ናቸው ያፈረሱኝ» አለ። «ግንብ ደግፋችሁ ያዙ ተብለው ተቀጥረው፣ ግንቡን ለቀው መንገድ ላይ ድንጋይ ሲከምሩ!» እሷ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቋን መለሰችው።

እነዚያን ሴሎች ለይቶ የሚያስቆም መድኃኒት በእጇ እንደሌለ ነገረችን። በጊዜው ቢመጣ ብረቷን አውጥተው፣ ቀዳዳውን ሰፍተው፣ ይከታተሉት ነበር። አሁን ሬቲናው እንደ ተጠቀለለ ቅጠል ሆኗል። «ያኔም ቢሆን ይተርፍ ነበር ብዬ አልምልም» አለች። ይኸን ቃሏን ስንት ጊዜ እንደያዝኩት፣ ስንት ጊዜ ከእጄ እንደሾለከ እኔ ነኝ የማውቅ። ይተርፍ ነበር አላለችም። አይተርፍም ነበርም አላለችም።

ልንወጣ ስንል መከረችው። «መንገድ ስትሻገር ዓይንህን ብቻ ወደ ግራ አትላክ፤ አንገትህን ሙሉ በሙሉ አዙር። ቀኝ ዓይንህ ግራውን ማየት አለበት።»

ከዚያ በኋላ አብረን ስንሄድ ሁልጊዜ በግራው በኩል እሄድ ነበር። ተነጋግረን አይደለም። እሱም ያውቃል፣ ቦታዬን ስለቅ ይቆማል። ማታ ማታ ግን ስለ ሴሎቹ አስባለሁ። ባዮሎጂ ስንማር ደም ወሳጅ፣ ደም መላሽ ተብሎ ነው ያለፍነው፤ አቅፎ የሚይዝ ነገር መኖሩን ማንም አልነገረን። ያናድደኛል። ዓይኑን ምንም ክፉ ነገር አላጠፋውም። ሊጠግኑት የሄዱ ናቸው ያጠፉት። እናቴም ልትጠግነው ነው በር የጋረደችበት፣ እኔም እንዳይከፋት ነው የዋሸሁት። ይኸን ሳስብ ማንንም መውቀስ ያቅተኛል፣ ሳልወቅስ ደግሞ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሰኔ ሲገባ ድንች ለመትከል አገር ቤት እንሂድ አለኝ።

«ከሄድን ለእማ ትነግራታለህ» አልኩት።

«ጃንጥላው ታቦቱ ላይ ተዘርግቶ ነው የሚዞረው። ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

«አላይም በላት። ሁለት ቃል ነው።»

«አንተ ለምን አትነግራትም? ወረቀቱን ያነበብክላት አንተ ነህ!» አለኝ። ከዚያ በፊት አንስቶብኝ አያውቅም።

«እንግዲያው ብቻህን ሂድ» አልኩት።

ብቻውን ሄደ። ገሳይ ከመኪና ወርዶ ወደ ጉና የሚያወጣውን መንገድ ለመያዝ አስፋልቱን መሻገር አለበት። የጭነት መኪና ከግራ መጣ።

መንገድ ዳር ድንች የምትሸጥ ሴትዮ አይታዋለች። ቀብሩ ላይ ለሰው ሁሉ ስትናገር ሰማኋት። «ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራም አየ እኮ! በዚህ ዓይኔ ነው ያየሁት! አይቶ ነው የገባ። ቀኑ ቢሆን ነው እንጂ፣ መኪና እያየ ይገባል ሰው?» ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። አንገቱን ምን ያህል አዙሮ ነበር ብዬ ልጠይቃት ፈለግሁ፤ አልጠየቅኋትም። ወደ ግራ ማየቱን እኔም አምናለሁ። ችኮላ ላይ ነበር፣ ዝናብ ይዞ መጥቷል፤ እንደ ድሮው ዓይኑን ብቻ ልኳል። ዓይኑ ነጭ ነው፣ ጤነኛ ይመስላል። የሞተ ዓይን መሆኑን እሷ በምን ታውቃለች?

ለቅሶ ላይ እናቴ፣ «ብርሃኑ ተመልሶለት ነው የሞተብኝ!» እያለች ነበር የምታለቅሰው። ለእሷ የቀራት መጽናኛ እሱ ነው። አርባው እስኪወጣ ቻልኩ።

ከአርባው በኋላ አንድ ጠዋት አተር ስታርም አገኘኋት። አጠገቧ ገብቼ ማረም ጀመርኩ። እዚያው እንዳጎነበስኩ ነው የተናገርኩት፣ ቀና ብል አልችልም ነበር።

«እማ፣ ዓይኑ አልዳነም ነበር።»

«የቱ ዓይኑ?»

«ግራው። አያይበትም ነበር። መኪናዋንም ለዚያ ነው ያላያት።»

«ጠግጎ ነበር እኮ» አለች። እንደ ጥያቄ ነው ያለችው።

«መጠገጉ ነው ያጠፋው።» ሐኪሟ የነገረችንን ልነግራት ሞከርኩ። ስለ ደም ሥሩ፣ አቅፈው ስለሚይዙት፣ ለቀው ስለመሄዳቸው። እየተደናቀፍኩ ነው፤ በአማርኛ የማላገኘውን በእጄ እያሳየሁ ነው። እናቴ አረሙን ይዛ እንደቆመች አላቋረጠችኝም። ስለ ስለቱ የምትጮህ መስሎኝ ነበር። ጃንጥላውን ብታነሣ፣ እግዜርን ብታማርር፣ እኔን በአረሙ ብትመታኝ ለሁሉም ተዘጋጅቼ ነበር።

«ሐኪሟ ጋ መቼ ሄዳችሁ?» አለች።

«ከፋሲካ በኋላ።»

«ለምን በጥር አልሄዳችሁም?»

አንድ አረም ነቅዬ ጣልኩ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለች። ድምፅዋ ልስልስ ያለ ነበር፣ ይኸ ነው የከፋው። «ደጅ ላይ ቆሜ ምን ይላል ብዬ ጠይቄሃለሁ። ምን ነበር የሚለው?»

«ዛሬውኑ ይሂድ።»

ጎንበስ ብላ ማረሟን ቀጠለች። የእርሻውን ጫፍ እስክትደርስ ቀና አላለችም። ትክ ብዬ አየኋት፤ አላለቀሰችም። እኔ በወንድሜ እንዳመካኝ፣ እሱ ነው እንዲህ በላት ያለኝ እንድል፣ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። እውነትም ነው። ዋጥኩት። እሷ የጠየቀችው እኔን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንሥተን አናውቅም። ትመግበኛለች፣ ልብሴን ታጥብልኛለች፣ ብርድ ነው ልበስ ትለኛለች። ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ ስለ መሬቱ የተጻፈ ደብዳቤ መጣላት። ከፊቷ ተቀምጬ ነበር። እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ደብዳቤውን አጥፋ መቀነቷ ውስጥ አደረገችና ነጠላዋን ለብሳ ወጣች፤ በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠረው አጎቴ ቤት ድረስ አቀበቱን ወጣች፣ እንዲያነብላት።